ግንደ ቆርቁርን በአናቱ ሳይሆን በደረቱ ለዩት

ጎጃም ውስጥ ግንድ የሚቆረቁር ወፍ ስናይ «ያ አናቱ ቀይ የሆነው» ብለን እንገላገላለን። ግን የአብዛኞቹ ግንደ ቆርቁሮች ወንድ አናቱ ላይ ቀይ አለው። እዚህ የምንፈልገው ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኘውን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ዴንድሮፒኮስ አቢሲኒከስ ይባላል።

መጀመሪያ ቦታ ምረጡ። ደጋው አብዛኛው ስለታረሰ የሚሻለው የቤተክርስቲያን ደን ነው፤ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ ያለበት። ቄሰ ገበዙን አስፈቅዱና በጠዋት ግቡ። ባሕር ዛፍ መሃል አትድከሙ፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚቆረጥ የሚያረጅ ግንድ የለውም።

ቀጥሎ ቁሙና አዳምጡ። ቀስ ያለ ቋ፣ ቋ ከሰማችሁ ወይም የቅርፊት ፍርፋሪ ከላይ ሲረግፍ ካያችሁ ቀና በሉ። የደረቁ ቅርንጫፎችን በደንብ ፈትሹ፤ ትሉ ያለው እዚያ ነው።

ስታገኙት ዓይናችሁን ደረቱ ላይ ጣሉ። ነጣ ብሎ ቁልቁል በጠቆሩ ጭረቶች የተሰመረ ከሆነ እሱ ነው። ራሱና ደረቱ ግራጫ ሆኖ ጭረት ከሌለው፣ ሆዱ ላይ ደግሞ ቀይ ካለበት፣ ሌላው ግራጫው ግንደ ቆርቁር ነው፤ በአካልም ገዘፍ ይላል። ወደ ቆላው ወረድ ስትሉ ደረቱ ላይ ጭረት ሳይሆን ነጠብጣብ ያለው ይገጥማችኋል፤ እሱም ሌላ ዝርያ ነው።

የምንፈልገው ወፍ ጀርባው ወርቃማ ነው፣ ከጭራው በላይ ደግሞ ቀይ። ያምራል፣ ግን በዚህ ብቻ አትወስኑ፤ ግራጫውም ከጭራው በላይ ቀይ አለው። ፊቱ ነጣ ያለ ሲሆን ከዓይኑ ኋላ ቡናማ መስመር ያልፋል። ቁመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወንዱ ከአናቱ እስከ ማጅራቱ ይቀላል፤ ሴቷ እዚያ ላይ ቡናማ ናት።

አቅርቦ ማያ መነጽር ካላችሁ ጭራውን ተመልከቱ። ላባው ደረቅ ስለሆነ ግንዱ ላይ ያስደግፈዋል፤ ከሁለቱ እግሮቹ ጋር ሲደመር እንደ ባለሦስት እግር በርጩማ ያቆመዋል። ጣቶቹ ሁለቱ ወደፊት፣ ሁለቱ ወደኋላ ናቸው። ረጅሙ ምላሱ በቀደደው ቀዳዳ ገብቶ ትሉን ይስባል።

የሚፈለፍለው ጉድጓድ ጎጆውም ነው። ወፉ ሲገባና ሲወጣ ካያችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ሰው ከሥሩ ከቆመ ጫጩቶቹን ለመመገብ ይፈራል።