ኪሳራው የሚጀምረው በጥር ነው፦ የጅማ ፎቶ ቤቶች በ2018 ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሠርግና ምርቃት እያነሳ የሚኖር የጅማ ፎቶ ቤት 2017 እንዴት አለፈ ብላችሁ ብትጠይቁት፣ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ሥራ ነበር፣ ብር ግን የለም።»

አባባሉ እውነት ነው። ጥፋቱን በጾም ወራት ላይ ማላከክ ግን ልክ አይመስለኝም። ገንዘቡ የሚጠፋው ስልካችን እረፍት በሚያጣበት በጥርና በግንቦት ነው። ርካሽ ዋጋ የምንቀበለው፣ ቀብድ በቃል የምንይዘው፣ የማንደርስበትን ቀን የምንቀጥረው ያኔ ነው። መጋቢት ላይ ኪሳችን ሲራቆት የምናየው የጥርን ሒሳብ ነው።

አዲሱ ዓመት ገና ጅማሬው ላይ ስለሆነ፣ አሁን ብንነጋገርበት ይጠቅመናል።

ሁለቱን ካላንደር ሳያዩ ዓመቱን መጀመር

ጅማ ውስጥ ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ሠርግ እንበላለን። ሁዳዴና ረመዳን በተራራቁባቸው ዓመታት አንዱ ሲጾም ሌላው ይድራል፣ እኛም ሥራ አናጣም። በ2017 ግን ሁለቱ ተገናኙ። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ተጀመረ። የሙስሊሙ ሠርግ ከዒድ በኋላ ቢከፈትም፣ የኦርቶዶክሱ እስከ ሚያዝያ 12 ፋሲካ ድረስ ዝግ ነበር።

2018ም እንደዚያው ነው። ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፤ ረመዳንም ጨረቃ ስትታይ በዚያው ሳምንት ይጀምራል ተብሎ ይጠበቃል። ከጥምቀት ማግስት እስከ ቅበላ ያሉትን ቅዳሜና እሁዶች ቁጠሯቸው። አራት ሳምንት ብቻ ናቸው። የዓመቱ ትልቁ የሠርግ ገቢ በእነዚህ አራት ሳምንታት ውስጥ ካልተያዘ፣ እስከ ሚያዝያ መጠበቅ ሊመጣ ነው።

ስለዚህ የጾሙ ወራት ሥራ ከአሁኑ ይፈለግ። የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናት ሠርግ በጾም አይቆምም። ዩኒቨርሲቲው፣ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ስብሰባና ሥልጠና ያዘጋጃሉ። ሆቴሎች የክፍልና የምግብ ፎቶ ይፈልጋሉ። ቡና አቅራቢዎችም እንዲሁ። ይህ ሥራ እንደ ሠርግ አያንበሸብሽም፣ የቤት ኪራይ ግን ይከፍላል። ደብዳቤና የናሙና ፎቶ ይዞ መዞሪያው ጊዜ ታኅሣሥ ነው። የካቲት ላይ ሁሉም ፎቶ አንሺ እዚያው በር ላይ ስለሚቆም ዋጋው ይወርዳል።

የጎረቤትን ዋጋ አይቶ ዋጋ መቁረጥ

ከሁሉም በላይ የሚጎዳን ይህ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ካሜራ፣ ሌንስ፣ ሜሞሪ፣ ባትሪ፣ የማተሚያ ወረቀትና ቀለም ሁሉም ከውጭ ይገባሉ። በ2017 ነዳጅም ደጋግሞ ጨመረ። የሠርግ ፎቶ ዋጋ ግን በብዙ ቤት በድሮው ላይ ትንሽ ተጨምሮበት ቀጠለ። «እነ እገሌ በዚህ ያነሳሉ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ወዲያው ስለምንቀንስ ነው።

እስቲ በወረቀት እናስላው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡበት። አንድ ሠርግ በ30,000 ብር ተዋዋላችሁ እንበል። ለቪዲዮ ረዳት 6,000፣ ለአልበምና ለህትመት 9,000፣ ለኤዲተር 5,000፣ ለትራንስፖርት 2,500 ወጣ። እጃችሁ ላይ 7,500 ብር ቀረ።

ብዙዎቻችን ሒሳቡን እዚህ ጋ እንዘጋዋለን። ካሜራው ግን አልተቆጠረም። በ200,000 ብር የተገዛ ካሜራ ሸተሩ፣ ማለትም ፎቶ በተነሳ ቁጥር የሚከፈትና የሚዘጋው ክፍሉ፣ 150,000 ጊዜ ይሠራል ብለን እንያዝ። እያንዳንዱ ፎቶ 1 ብር ከ33 ሳንቲም ገደማ በላ ማለት ነው። በአንድ ሠርግ 2,500 ጊዜ ከተነሳ 3,300 ብር ያህል ሄደ። የቀረው 4,200 ብር ነው። ከዚህ ላይ የሱቅ ኪራይ፣ መብራት፣ ኢንተርኔትና ግብር ይነሳል። የእናንተ የሙሉ ቀን ድካምና ፎቶ ስትመርጡ ያመሻችሁባቸው ሌሊቶች ገና አልተከፈሉም።

ይህን ወረቀት የሠራ ሰው ለደንበኛ «አልቀንስም» ለማለት አይፈራም። ከቀነሰም የሚቀንሰው ሥራውን ነው፤ አልበሙን አነስ ያደርጋል ወይም የመልሱን ቀን ማንሳት ያስቀራል። ያው ሙሉ ሥራ በግማሽ ዋጋ መስጠት ሌሎቻችንንም ይዞ ይወድቃል።

አጋሮ ወይም ሊሙ ለሚደረግ ሠርግ ደግሞ የመኪናና የአዳር ወጪ ለብቻው ይጻፍ። «ቤተሰብ ናቸው፣ ይጨምራሉ» ተብሎ አይታለፍ።

ቀብድን በቃል መያዝ

አንድ ቅዳሜ ሁለት ሠርግ ይመጣል። የመጀመሪያው ሰው «ያዝልኝ» ብሎ ሄዷል፣ ሁለተኛው ብር ይዞ ቆሟል። ጠቡ የሚነሳው እዚህ ነው።

ቀብድ የጨዋነት ምልክት ብቻ ሳይሆን ሕግ ያለው ነገር ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885 አስቀምጦታል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 10,000 ብር ቀብድ ተቀብላችሁ የተሻለ ከፋይ ስለመጣ ብትተዉት 20,000 ትመልሳላችሁ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ፎቶ ቤት ብዙ ነው።

አንድ ገጽ ውል ይበቃል። ቀኑ፣ ቦታው፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ የአልበሙ መጠን፣ የሶፍት ኮፒው ብዛት፣ የርክክቡ ቀን፣ ቀሪው ክፍያ መቼ እንደሚገባ ይጻፍበት። ሠርጉ ቢራዘም ቀብዱ ምን እንደሚሆንም ይጨመር፤ ለቅሶ ሲመጣ ሠርግ የሚገፋበት አገር ነው። ቀብዱ በባንክ ወይም በቴሌብር ቢገባ ማስረጃው በራሱ ይቀመጣል። ዘመድም ቢሆን ይፈርም። ከዘመድ ጋር መጣላት ይብሳልና።

«በሁለት ሳምንት ይደርሳል» ማለት

በአራት ሳምንት ውስጥ ስምንት ሠርግ ያነሳ ሰው በሁለት ሳምንት አልበም አያስረክብም። ያንን እያወቀ ሲቀጥር፣ ሙሽሪት በየቀኑ ትደውላለች፣ እሱ ስልክ ያጠፋል፣ እናቷም ለጎረቤት ይናገራሉ። ጅማ ትልቅ ከተማ አይደለችም። የዛሬዋ ሚዜ የሚቀጥለው ዓመት ሙሽራ ናት፤ እሷን የምናጣት በዚህ ነው።

እውነተኛውን ቀን ንገሯቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ሠላሳ ያህል የተመረጡ ፎቶዎች በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩ፤ በተራው መንገድ ከተላኩ ጥራታቸው ይወርዳል። ሰው መጀመሪያ የሚራበው እነዚህን ነው። ከዚያ በኋላ አልበሙን በትዕግሥት ይጠብቃል። የጾሙ ወራት ደግሞ ለኤዲቲንግ የተመቹ ናቸው።

የሙሽራን ፎቶ ሳያስፈቅዱ መለጠፍ

ቲክቶክና ቴሌግራም ደንበኛ ያመጣሉ፣ አልክድም። ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ካሜራው የእናንተ ስለሆነ ፊቱ የእናንተ አይሆንም።

እዚህ ከተማ ነገሩ ከሕግም ያልፋል። ኒካህ ላይ በሴቶች በኩል የተነሳ፣ ፀጉር የተገለጠበት ፎቶ አደባባይ ቢወጣ የአንድ ቤተሰብ ክብር ይነካል። በዚህ ቀልድ የለም። ውሉ ላይ «እንዲለጠፍ እፈቅዳለሁ / አልፈቅድም» የሚል መስመር አስገቡና ሙሽሮቹ ራሳቸው ይምረጡ።

እግረ መንገዴን፣ በሴቶቹ በኩል የምታነሳ ሴት ፎቶግራፈር ያለው ፎቶ ቤት ጅማ ውስጥ የሚፈለግ ይመስለኛል። ሙያው ያላትን እህት ቀጥሩ፣ ደህና አድርጋችሁም ክፈሏት።

ለተመራቂ በዱቤ ማተም

የጂሲ (የተመራቂ ተማሪዎች) ሰሞን ደስ ይላል፤ ብዛት አለው፣ ወጣት አለው። አደጋው ለአንድ ክፍል ሙሉ በአንድ ተወካይ ቃል ማተሙ ላይ ነው። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ያላለፈ ተማሪ አይመረቅም፣ ጋዋን ለብሶ የተነሳውን ፎቶም መጥቶ ላይወስድ ይችላል። የማንሻ ሒሳቡን በዕለቱ ተቀበሉ። ትልልቅ ፍሬሞችን ውጤት ሳይታወቅ አታትሙ።

ሠርግን በአንድ ሜሞሪ ማስቀመጥ

አጭር ነው። ሁለት ሜሞሪ የሚወስድ ካሜራ ካላችሁ ሁለቱም ላይ እኩል ይቀመጥ። ማታ ቤት ስትገቡ፣ ሳትተኙ፣ ሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ ገልብጡ። አንዱ ሱቅ፣ አንዱ ቤት ይደር። አልበሙ ተረክቦ እስኪፈረም ድረስ ሜሞሪው ላይ ያለው አይሰረዝ።

ድሮን ያለ ፈቃድ ማስነሳት

ፈቃድ ከሌላችሁ አታስነሱ፣ «የድሮን ቪዲዮ አለን» ብላችሁም አታስተዋውቁ። ዕቃው ቢወረስ የሙሽሮቹም ቀን አብሮ ይበላሻል።

ዕቃን በክረምት ቦርሳ ውስጥ መርሳት

ጅማ ዝናብ አያጣትም፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርድባታል። ክረምት ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ ቁም ሣጥን ይገባል። እርጥበትና ጨለማ ሲገናኙ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ይበቅላል፣ እንደ ሸረሪት ድር ያለ። መስታወቱን መብላት ከጀመረ ቢጸዳም ጠባሳው አይለቅም። ሌንሱንም በዛሬ ዋጋ መተካት ከባድ ነው።

መከላከያው ርካሽ ነው። አየር የማያስገባ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ግዙ፤ እርጥበት የሚመጥጡትን የሲሊካ ከረጢቶች ጨምሩበት፤ ከረጢቶቹን አልፎ አልፎ ቀይሩ። በዝናብ አንስታችሁ ስትመለሱ ዕቃውን ሳታደርቁ አትዝጉበት። ፀሐይ በወጣ ቀን ሌንሶቹን አውጡና በባትሪ እያበራችሁ ውስጣቸውን ተመልከቱ። ሻጋታ የጀመረው ካለ ከሌሎቹ ለዩትና ሳይስፋፋ ለባለሙያ ስጡት።