ጉሹ ለቢሮ፣ ቅራሪው ለወረዳ፦ የማህበራዊ ባለሙያዎችን ስናሠለጥን የምንሠራቸው ስህተቶች

በቅርቡ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ወረዳ ላይ በማህበራዊ ባለሙያነት ከተቀጠረች ሦስት ወር ቢሆናት ነው። «ጋሼ፣ ነገ ሠላሳ ሰው አሠልጥኚ ተባልኩ። ምን ላድርግ?» አለችኝ። እሷ ራሷ የሠለጠነችው ባለፈው ሳምንት ነው።

ለእሷ በስልክ ያልኳትን እዚህ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ሥራውን የጀመርኩት እንደ እሷ ወረዳ ላይ ፎርም በመሙላት ነው። አሁን ሳሠለጥን እውላለሁ። ከሚከተሉት ስህተቶች ግማሾቹን በእጄ ሠርቻቸዋለሁ።

ሥልጠናውን እያቀጠኑ ማውረድ

ከዚህ ልጀምር፤ በዚህ ተቃጥያለሁ።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ማኑዋል ይዘጋጃል። አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ሆቴል ይያዛል። የተመረጡ ሰዎች አምስት ቀን የአሠልጣኞች ሥልጠና ይወስዳሉ። እነሱ ተመልሰው ያንኑ ለክፍለ ከተማ በሁለት ቀን ይሰጡታል። ክፍለ ከተማው ለወረዳ በግማሽ ቀን ያደርሰዋል። ወረዳው ደግሞ ለበጎ ፈቃደኞችና ለእድር ተወካዮች ከሌላ ስብሰባ ጋር አዳብሎ በአንድ ሰዓት ይገላገለዋል።

ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። መጀመሪያ ጉሹ አለ። ከዚያ ጠላው ይጠለላል። በመጨረሻ አተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ ቅራሪ ይወጣል። የእኛ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ጉሹን የሚጠጣው ቢሮ የሚቀመጠው ሰው ነው። የሰው በር የምታንኳኳው፣ አልጋ ላይ ከቀሩ አዛውንት አጠገብ የምትቀመጠው፣ ልጁ አክስቱ ጋ ይሁን አያቱ ጋ ብላ የምትጨነቀው ልጅ ቅራሪ ይደርሳታል።

አምስት ቀን ወደ ግማሽ ቀን ሲወርድ መጀመሪያ ምን የሚቆረጥ ይመስላችኋል? ልምምዱ ነው። ትርጓሜውና ዓላማው አይነኩም። ስላይድ ናቸው፤ ይነበባሉ። አንድ ወረዳ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ። አሠልጣኙ በ2007 ዓ.ም. ስለወጣው ብሔራዊ የማህበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ አርባ ደቂቃ አወራ። ሰዓቱ አለቀ። «የቤት ለቤት ጉብኝቱን እንግዲህ ከማኑዋሉ ታነቡታላችሁ» ብሎ ዘጋው። ማኑዋሉ በእንግሊዝኛ ነው። ኮፒውም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእሱ ነው።

ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ አንድ ነገር ብቻ አሠልጥኑ። የመጀመሪያውን ጉብኝት ብቻ። ወይም አንድ ቅጽ ከሰው ጋር እያወሩ መሙላትን ብቻ። አሥራ ሁለቱን ርዕስ በሃያ ሃያ ደቂቃ አትሩጡባቸው። የቀረውን በሚቀጥለው ወር ተመልሳችሁ ስጡ። ከተቻለ ደግሞ የሆቴሉን ብር ቀንሳችሁ ዋናው አሠልጣኝ ራሱ ወረዳ ድረስ ይውረድ። ይህን ስል «በጀቱ ለዚያ አልተያዘም» ይሉኛል። አውቃለሁ። እኔም የምለው በጀቱ ሲያዝ ነው።

ተራ የደረሰውን መላክ

ደብዳቤው «ጉዳዩ የሚመለከተው ባለሙያ ይላክልን» ይላል። የሚመጣው ግን ተራው የደረሰው ነው። አንዳንዴም ኃላፊው ራሱ ነው። ስለ አበል የሚያፌዙ ሰዎች አሉ፤ እኔ አላፌዝም። በዚያ ደመወዝ የአራት ቀን ውሎ አበል የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ቢሆንም «ባለፉት ሦስት ወራት ቤት ለቤት የሄደ ባለሙያ፣ የያዛቸውን ሁለት ጉዳዮች ስም ሳይጠቅስ ጽፎ ይምጣ» ብላችሁ ደብዳቤው ላይ ጨምሩ። ተራውን የሚጠብቀው ሰው ይህን ሲያይ ራሱ ይቀራል።

ሁሉም ሶሻል ወርክ የተማረ ይመስል መጀመር

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በአውሮፓውያን 1959 ነው የተከፈተው። በደርግ ዘመን ተዘጋ። እንደገና የተከፈተው በአውሮፓውያን 2004 ነው፤ ለዚያውም በማስተርስ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ሙያው በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሳይሰጥ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ሶሲዮሎጂ የተማረ አለ፣ ማኔጅመንት አለ፣ አካውንቲንግ አለ፣ ከትምህርት ቢሮ የተዛወረ አለ። ይህ ነውር አይደለም። ካየኋቸው ጎበዝ ባለሙያዎች አንዷ የሒሳብ መምህርት ነበረች። ስህተቱ የመጀመሪያውን ጠዋት ሳትጠይቋቸው ማለፍ ነው።

ቃሉን ተርጉሞ ሐሳቡን መተው

«ኬዝ ማኔጅመንት» በወረቀታችን «የጉዳይ አያያዝ» ሆኗል። አሁን ራሳችሁን ወረዳ ቢሮ ውስጥ አስቀምጡ። «ጉዳይ» ምንድን ነው? ፋይል ነው። ጉዳይ ይከፈታል፣ ይመራል፣ ይዘጋል። ጉዳይ አስፈጻሚ አለ። አንድ ጊዜ ሠልጣኞቼን «የጉዳይ አያያዝ ሲባል ምን ይታያችኋል?» ብዬ ስጠይቅ አንዱ «መዝገብ ቤት» አለ። ሳቁ። እሱ ግን ልክ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቃሉን ትቼ በሰው እጀምራለሁ። «አንድ ሰው እጃችሁ ላይ ከወደቀ ቀን ጀምሮ ራሱን እስኪችል ድረስ ማን አብሮት ይሄዳል?» እላለሁ። ቃሉን ከሰዓት እነግራቸዋለሁ።

ጉብኝትን በስላይድ ማስተማር

ድሃ የከተማ ነዋሪዎችን የሚደግፈው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ11 ከተሞች ሲጀመር 604 ሺህ ሰው ያቅፋል ተብሎ ነበር የታቀደው። ከዚያ ውስጥ 84 በመቶው በአካባቢ ልማት ሥራ የሚሳተፍ ነው። ለእሱ አካፋና መቆጣጠሪያ ይበቃዋል። የቀረው 16 በመቶ ግን ቀጥታ ድጋፍ ነው፤ መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ሕመም ያደከማቸው ሰዎች። እነዚህ ወደ እናንተ አይመጡም። እናንተ ናችሁ የምትሄዱት። እና መሄድን ማንም አያስተምርም።

ማኑዋሉ «ባለሙያው ራሱን ያስተዋውቃል፣ የመጣበትን ዓላማ ያስረዳል» ይላል። እኛ አገር በር አንኳኩቶ ወዲያው ዓላማ የሚያስረዳ ሰው ወይ ግብር ሰብሳቢ ነው ወይ መርዶ ነጋሪ ነው። መጀመሪያ «እማማ፣ እንዴት አደሩ፣ እግርዎ ተሻለዎት?» አለ። ያን ሳትጨርሱ ደግሞ ቡና ሊቆላ ነው።

ጥያቄው እዚህ ይመጣል። የሄዳችሁት ድህነታቸውን ልትመዝኑ ነው። እማማ ያላቸውን የመጨረሻ እፍኝ ቡና ምጣድ ላይ አድርገዋል። የልጅ ልጃቸው ስኳር ልትበደር ወደ ጎረቤት ስትወጣ አይታችኋል። ትጠጣላችሁ? እምቢ ካላችሁ ናቃችኋቸው። ከጠጣችሁ የነገ ጠዋታቸውን ጠጣችሁ። በዚያ ላይ ቅጹን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ፤ ጎረቤት ቡናውን ጉቦ ሊያደርገው ይችላል።

ይህን ጥያቄ በየሥልጠናው እወረውረዋለሁ። ከአንድ ሰዓት በታች አልቆ አያውቅም። አንዲት ሥራው ላይ የቆየች ባለሙያ ዘዴዋን ነገረችን። ገና ደጃፍ ላይ ሆና «እማማ፣ ቡና ሐኪም ከልክሎኛል፣ ውሃ ቢሰጡኝ» ትላለች። አፏን አርጥባ ትወጣለች፤ ማንም አልተናቀም። ወዲያው አንዱ ተነሳ። «ደንበኛሽን በውሸት ነው የምትጀምሪው?» አላት። ተፋጠጡ። እኔ እስከ ዛሬ ለየትኛቸውም አልፈረድኩም። ግን በዚያ ሰዓት ውስጥ ስለ ክብር የተባለው ነገር ከየትኛውም ስላይዴ ይበልጥ ነበር።

ስለ መኪናም ልጨምር። የፕሮጀክት ማስታወቂያ የተለጠፈበት መኪና የሰው በር ላይ አታቁሙ። ሰፈሩ በሙሉ «ምን ሆና ነው?» ይላል። አስፋልት ላይ ተዉትና በእግር ግቡ።

የሰውን ታሪክ ለምሳሌ ማምጣት

ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ። የሚያሳፍረው፣ ያን ቀን የማስተምረው ምስጢር ስለመጠበቅ ነበር።

ስም አልጠራሁም። «አንዲት እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ እናት፣ መንታ ልጆች ያሏት፣ ባሏ የታሠረ» እያልኩ ተረኩት። መድኃኒቷን ከሰው ተደብቃ እንደምትውጥም ነገርኳቸው። አዳራሹ ፀጥ ብሎ አዳመጠኝ። ጥሩ አሠልጣኝ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ሻይ ዕረፍት ላይ አንድ ወጣት ጠጋ አለኝ። «ጋሼ፣ እሷ እኮ የእኛ ግቢ ናት» አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «መድኃኒት እንደምትወስድ አላውቅም ነበር።»

ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። የከሰዓቱን ክፍለ ጊዜ ግን አስታውሳለሁ። ስላይድ ሳነብ ዋልኩ።

አሁን የምጠቀምባቸውን ምሳሌዎች ሁሉ ሠርቼ ነው የማመጣቸው። የሦስት ሰው ታሪክ እቀላቅላለሁ። ሴቷን ወንድ አደርጋለሁ፣ የልጆቹን ቁጥር እቀይራለሁ፣ ከተማውን አርቃለሁ። ሠልጣኝ «እኛ ወረዳ አንዲት ሴት አለች» ብሎ ሲጀምር እዚያው ላይ አስቆመዋለሁ። ይከፋዋል። ይክፋው።

አጫጭሮቹ

በሰኔ አታሠልጥኑ። በጀት ለመጨረስ የሚሰጥን ሥልጠና ሠልጣኙም ያውቀዋል።

የሪፈራል ዝርዝር፣ ማለትም ባለሙያው ሰውን ወደ ሌላ አገልግሎት የሚልክባቸውን ቦታዎች ስልክ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ቁጥሮቹ ላይ ደውሉ። እኔ አንድ ጊዜ ሠልጣኞቹን እዚያው አዳራሽ ውስጥ አስደወልኳቸው። ከግማሽ በላይ የሆነው አይነሳም ወይም የሌላ ሰው ነው። አንዱ ፀጉር ቤት ነበር። ጥር 2010 የውጭ ጉዲፈቻ በሕግ ከቀረ ወዲህ ወላጅ ለሌለው ሕፃን እዚሁ አገር ውስጥ ቤተሰብ መፈለግ ግድ ነው። ያን ሥራ በማይነሳ ስልክ አትሞክሩት።

የመጨረሻ ቀን የአስተያየት ቅጽ ስለ ምሳውና ስለ አዳራሹ ሙቀት ይነግራችኋል። ሥልጠናው ይሠራ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ከሁለት ወር በኋላ ወረዳው ሄዳችሁ ቅጾቹን አገላብጡ። እኔ አንድ ቦታ ቅጾቹን ከነማሸጊያ ፕላስቲካቸው አግኝቻቸዋለሁ። በሥልጠናው ፈተና ከተሳታፊዎቹ ሁሉ የበለጠ ያመጣው የዚያ ወረዳ ሰው ነበር።

እድሮችን «ባለድርሻ አካላት» ብላችሁ የመክፈቻ ንግግር ላይ ብቻ አትጥሯቸው። ማን ቤት እሳት እንደማይነድ ከእናንተ በፊት ያውቃሉ። ግማሹን ቀን ሥጧቸውና እነሱ ያስተምሩ።

የባለሙያውን ድካም አርብ ከሰዓት ማከም

በየፕሮግራሙ መጨረሻ «ጭንቀትን መቋቋም» የሚል ክፍለ ጊዜ አለ። አርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ሰው ሻንጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ መኪና ይጠብቃል። አሠልጣኙ «በረጅሙ ተንፍሱ» ይላል። ይተነፍሳሉ፤ ሊሄዱ ስለሆነ።

አዲሶቹ ልጆች በዚህ ያሳዝኑኛል። ሃያ አራት ዓመት ሆኗቸው የሰው ሐዘን ሲሰሙ ይውላሉ። ማታ ቤት ገብተው ለማንም እንዳይናገሩ እኛው ምስጢር ጠብቁ ብለናቸዋል። ያቺ ስልክ የደወለችልኝ ልጅም ስለ ሥልጠናው ጠይቃ ስትጨርስ ስልኩን አልዘጋችውም። አንድ ቤት ያየችውን ልትነግረኝ ጀመረች፤ ተወችው። ይህን ክፍለ ጊዜ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ላይ አምጡት። ከእሱ በላይ ደግሞ የቅርብ ኃላፊዎቻቸውን አሠልጥኑ። በሳምንት ሠላሳ ደቂቃ «ይህን ሳምንት የከበደሽ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አለቃ ያስፈልጋቸዋል። «ሪፖርቱ የታለ?» የሚለው ሞልቷል።

ሰርተፍኬቱ

ከመታተሙ በፊት ሠልጣኙ ስሙን ይየው። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ስም ከዲግሪው ጋር በአንድ ፊደል ከተለያየ፣ የደረጃ ዕድገት ኮሚቴው አይቀበለውም። አንዲት ልጅ ለአንዲት «ኤች» ስትል ከደሴ አዲስ አበባ ተመላልሳለች፤ ፊደሏን የጨመርኩት እኔ ነበርኩ።