ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ኤቭበሪን ምረጡ

እንግሊዝ ውስጥ ልጆች ይዛችሁ ጥንታዊ ድንጋዮችን ለማየት ካሰባችሁ፣ ስቶንሄንጅን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። የመግቢያ ዋጋው ለቤተሰብ ቀላል አይደለም። በመደበኛው ሰዓት ደግሞ ድንጋዮቹን የምታዩት ከገመድ ወዲህ ሆናችሁ ነው። ልጅ "አትንካ" ሲባል ቶሎ ይሰለቻል።

እዚያው ዊልትሻየር የሚባለው አውራጃ ውስጥ፣ ወደ ሰሜን በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች፣ ኤቭበሪ አለላችሁ። ሁለቱም በ1986 በአንድ ላይ በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ኤቭበሪ ግን በዓለም ትልቁ የድንጋይ ክብ ነው። እንዲያውም ከመንደሩ ከፊሉ ያለው ክቡ ውስጥ ነው፤ አስፋልት ያቋርጠዋል፣ በጎች ይግጡበታል፣ መጠጥ ቤት ሳይቀር አለ! በድንጋዮቹ መካከል መዞር ነጻ ነው፣ መንካትም ይቻላል። የምትከፍሉት ለመኪና ማቆሚያ ነው። ቅርሶችን የሚንከባከበው የናሽናል ትረስት ድርጅት አባል ከሆናችሁ እሱም ቀረላችሁ።

ጉልበት ከተረፋችሁ በአቅራቢያው ዌስት ኬኔት የሚባል፣ ከ5,000 ዓመት በላይ የቆየ መቃብር አለ። ውስጡ ድረስ ይገባል፤ እሱም በነጻ። ባትሪ ያዙ፣ ልጆቹ ይወዱታል። ሲልበሪ የተባለውን ሰው ሠራሽ ኮረብታ ግን ከታች ሆናችሁ እዩት፣ መውጣት ክልክል ነው። ነጭ ጫማ አታድርጉ፤ የበግ ፋንድያ በሽ ነው።