የቸርኬ ሽቦ ማሰር ጎማን ያጠነክራል? አስቀድመው ይፈትኑ
ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚወርዱበት ብስክሌት ጎማው እንዳይወላገድ ሽቦዎቹን በሚተላለፉበት ቦታ አስረው በሊድ እንዲያስበይዱ ቢመከሩ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የሽቦዎቹን ውጥረት እንዲፈትሹ አጥብቄ እመክራለሁ። ብስክሌቱን ገልብጠው ያቁሙና በአንድ ወገን ያሉትን ሽቦዎች እንደ ክራር ጅማት አንድ በአንድ በጣትዎ ይንኩ፤ ድምፁ ከሌሎቹ የወፈረው ሽቦ የላላ ነውና፣ በቸርኬውና በፍሬኑ ላስቲክ መካከል ያለውን ክፍተት እያዩ በሩብ ዙር ብቻ ያጥብቁት። መሐንዲሱ ጆብስት ብራንት የታሰሩና ያልታሰሩ ጎማዎችን ለክቶ የሚጠቀስ የጥንካሬ ልዩነት አላገኘም፤ ሸክሙን የሚሸከመው የሽቦዎቹ ውጥረት እንጂ መተላለፊያቸው ላይ ያለው ማሰሪያ አይደለምና። ማሰሪያው በእርግጥ የተበጠሰ ሽቦ እንዳይወዛወዝ ይይዛል፤ ሽቦውን ለመቀየር ግን ብየዳውን መፍታት ግድ ስለሚሆን፣ በእኔ አስተያየት ለከተማ ብስክሌት ድካሙ አያዋጣም።