በየት በኩል ትለብሰዋለች? የፋሽን ንድፍ ተማሪ ችግሮችና መፍትሄያቸው

መኪና ግርግር ሐረር ጁገል ውስጥ ያለ፣ ስሙን ከስፌት መኪናዎች ድምፅ ያገኘ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው። ተማሪ ሳለሁ በኩራት የነደፍኩትን ጠባብ ቀሚስ እዚያ ለሚሠሩ አንድ አዛውንት አሳየኋቸው። ወረቀቱን አቅርበው አዩት፣ አርቀው አዩት፤ ከዚያም «ልጄ፣ ቀሚሱስ አምሯል፤ ግን በየት በኩል ገብታ ትለብሰዋለች?» አሉኝ። ዚፕ የለው፣ ቁልፍ የለው፣ አንገቱም ጭንቅላት አያሳልፍ። ዛሬም የተማሪ ንድፍ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን በር ነው።

ሴትዮዋ ልትወድቅ ትመስላለች

መንስኤው በንድፉ ላይ የቆመችው ሴት ክብደቷ የት እንዳረፈ ሳይወሰን መሣሏ ነው። በሁለቱ የአንገት አጥንቶች መካከል ካለችው ጉድጓድ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች አውርዱ። በአንድ እግሯ ከቆመች፣ የዚያ እግር ተረከዝ መስመሩ ላይ ወይም አጠገቡ ያርፋል፤ በዚያው ጎን ዳሌዋ ከፍ፣ ትከሻዋ ዝቅ ይላል። ለልምምድ ሐረር ፈረስ መጋላ አደባባይ ታክሲ የሚጠብቁትን ሰዎች ከማየት የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም። ለአንዱ ሰው አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ፊቱን ተዉት።

ቁመቷ ረዝሞም አላማረባትም

የተፈጥሮ ሰው ቁመት የጭንቅላቱን ሰባት ጊዜ ተኩል ያህል ነው፤ በፋሽን ንድፍ ዘጠኝ ይደረጋል። ተማሪው ትርፉን ለመላው አካል እኩል ሲያከፋፍል ደረትና ወገብ ይለጠጣሉ። ጭማሪው በአብዛኛው የእግር ነው። ወረቀቱን አስቀድማችሁ በዘጠኝ እኩል ክፍል አስምሩ፤ ከላይ ሲቆጠር ወገብ 3ኛው መስመር፣ የእግሮች መጋጠሚያ 4ኛው ገደማ ይውደቅ።

ጨርቁ ሁሉ ቆርቆሮ ይመስላል

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይባክናል፤ ተማሪው ጥላ ሲጨምር ይባስ ይጠቁራል። ችግሩ ግን ጥላው አይደለም፤ እጥፋቱ ከሐሳብ የተሣለ መሆኑ ነው። እጥፋት ጨርቁ ከተንጠለጠለበት ወይም ከተወጠረበት ቦታ ይነሣል፦ ከትከሻ፣ ከጡት፣ ከታጠፈ ክርን፣ ከዳሌ። መነሻ የሌለው እጥፋት ካያችሁ አጥፉት።

ድሬዳዋ ከሆናችሁ ከፊራ ገበያ ወርዳችሁ ቁራጭ ሽቲ (ስስ ጨርቅ ነው) እና ቁራጭ ጂንስ ግዙ። ሁለቱንም በወንበር ጫፍ አንጠልጥላችሁ ጎን ለጎን ሣሏቸው። ሽቲው ብዙ፣ ቀጫጭንና ረጃጅም እጥፋት ይሰጣችኋል፤ ጂንሱ ጥቂት፣ ወፍራምና እንደተሰበረ ነገር ማዕዘን ያለው። ሳቲን ደግሞ ብርሃኑና ጨለማው ድንበር ለድንበር ይገናኛሉ፤ በሥዕሉ ላይ ድንበሩን በጣታችሁ አሽታችሁ ካለሰለሳችሁት ሳቲንነቱ ይጠፋል። አበባ ያለበት ጨርቅ ከሆነ አበባው እጥፋቱ ውስጥ ሲገባ ይቆረጥ። ሙሉ አበባ በየቦታው ከተለጠፈ ቀሚሱ የግድግዳ ወረቀት ይሆናል።

ወረቀቱ ይቆሽሻል፣ መስመሩ ይንቀጠቀጣል

የድሬዳዋ ሙቀት መዳፍን ያልባል፤ ከእጃችሁ ሥር ንጹሕ ወረቀት አንጥፉ፣ በኤችቢ ጀምራችሁ ለስላሳውን ሁለት ቢ እርሳስ ለመጨረሻ አቆዩት። የሚንቀጠቀጥ መስመር ከእጅ አንጓ የሚመጣ ነው፤ ረጅሙን መስመር ክንዳችሁን ከትከሻ አንቀሳቅሳችሁ በአንድ ትንፋሽ ጣሉት።

ሥዕሉ ያምራል፣ ልብሱ አይሰፋም

ከሴትዮዋ ጎን ልብሱን ብቻውን፣ ጠረጴዛ ላይ እንደተዘረጋ አድርጋችሁ ከፊትም ከኋላም ሣሉ። ስፌቱ፣ ፔንሱ (ልብሱን በሰውነት ልክ የሚያጠበው እጥፍ ስፌት)፣ ቁልፉ ይታዩ። የማይለጠጥ ጨርቅ ከሆነ የጠባብ ቀሚስ ዚፕ ከወገብ አልፎ ዳሌ ጋር መድረስ አለበት፤ ወገብ ላይ ካቆመ ቀሚሱ ዳሌዋን አያልፍም።

እኔም ይህንን ሁሉ አሟልቼ፣ ከጀርባው ረጅም ዚፕ አድርጌ ወደ አዛውንቱ ተመለስኩ። ዚፑን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኪሱስ?» አሉኝ።