ግራፊክስ ካርዴ መጋሉን ያቆመው እንዲህ ነው

ጌም ከፍቼ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ ከዚያ ስክሪኑ ድርግም። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው የካርድ መከታተያ ፕሮግራም ሳየው ሙቀቱ 91 ዲግሪ ደርሷል።

ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ፤ ምንም። አቧራውን በብሩሽ አጸዳሁ፤ ሁለት ዲግሪ ብቻ ቀነሰ። የኬዙን ጎን ከፍቼ ሞከርኩ፤ ያው ነው።

በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሩን ከመብራት ነቅዬ ካርዱን አወጣሁና ከጀርባው ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታሁ። ማቀዝቀዣውን ስታነሱ ቀስ በሉ፤ የፋኑ ገመድ ቦርዱ ላይ ተሰክቷል፣ እኔ ልበጥሰው ነበር። ቺፑ ላይ ያለው ተርማል ፔስት (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት) ደርቆ እንደ አሮጌ ኖራ ተሰነጣጥቋል። በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። ሜሞሪዎቹ ላይ ያለው ተርማል ፓድ (ያንኑ ሥራ የሚሠራው ለስላሳ ንጣፍ) ስላልተቀደደ አልነካሁትም። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቅኩ።

አሁን በዚያው ጌም 72 ዲግሪ ላይ ይቆማል።