አንጃይና ያለበትን ሰው ቤት ውስጥ እንዴት እንንከባከብ፣ መድሃኒቱስ እንዴት ይሰጣል

እናቴን ሲጀምራት "ጨጓራዬ ነው" እያለች ተልባ ትጠጣ ነበር፣ እኔም ነርስ ሆኜ አምኛት ዝም አልኩ። ዳገት ስትወጣ ደረቷ ላይ ድንጋይ እንደተጫነባት ይከብዳታል፣ ግራ እጇንና መንጋጋዋን ይይዛታል፣ ቁጭ ስትል ደሞ ይለቃታል። አንጃይና ይሄ ነው፣ ወደ ልብ ጡንቻ ደም የሚወስዱት ስሮች ጠበው ስራ ሲበዛበት ደም ሲያንሰው የሚመጣ ህመም። ስኳር ያለባቸውና ትልልቅ ሰዎች ላይ ግን ያለ ህመም ትንፋሽ ማጠር፣ ላብ ወይ ማቅለሽለሽ ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ህመሙ ሲነሳ መጀመሪያ የያዙትን ስራ አስጥላችሁ ቁጭ አድርጓቸው። ቆመው መድሃኒቱን እንዳይወስዱ፣ ናይትሮግሊሰሪን (ህመሙ ሲነሳ ከምላስ ስር የሚደረገው፣ ስሮችን የሚከፍተው ኪኒን) የደም ግፊት ስለሚያወርድ አዙሯቸው ሊወድቁ ይችላሉ።

ቀጥሎ ሀኪም ያዘዘላቸውን የናይትሮግሊሰሪን ኪኒን ከምላስ ስር አድርጉላቸው። አይዋጥም፣ አይታኘክም፣ እዛው ይሟሟ፣ አፋቸው ከደረቀ ቀድመው በውሃ ይጉመጥመጡ። ወንድ ከሆነ ቪያግራ ወስዶ እንደሆነ ሳታፍሩ ጠይቁት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከወሰደ ናይትሮግሊሰሪን አይሰጠውም፣ ግፊቱ በጣም ወርዶ ሊገድለው ይችላል፣ ታዳላፊል (እንደ ቪያግራ ያለ ሌላ መድሃኒት) ከሆነ ደሞ 48 ሰዓት ነው።

ከዛ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ሞልቶ ካልተሻላቸው ወይ ከባሰባቸው ወዲያው ለአምቡላንስ 907 ደውሉ ወይ መኪና ፈልጉ፣ እስኪደርስ በየ5 ደቂቃው ሁለተኛና ሶስተኛ ኪኒን መስጠት ይቻላል፣ ከ3 አይለፍ። አስፒሪን የማይስማማቸው ወይ የሚደማ ነገር ያለባቸው ካልሆኑ 300 ሚሊግራም ያኝኩ። ራስ ምታት ቢመጣ አትደንግጡ፣ መድሃኒቱ ስሮችን ሲከፍት የሚመጣ ነው።

አቀማመጡ ላይ እኔም ተሳስቻለሁ። እናቴ ኪኒኗን ከጠርሙሱ አውጥታ በላስቲክ ጠቅልላ እንደ ብሯ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥረው ነበር፣ አንድ ቀን ህመሙ ሲነሳ ሁለት ኪኒን ብትወስድ ምንም አልሰራላትም፣ ሆስፒታል ተሯሩጠን ነው የደረስንላት። ናይትሮግሊሰሪን ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ያበላሸዋል፣ ከገላ ጋር ተጣብቆም አይያዝም፣ በራሱ ጥቁር ጠርሙስ በደንብ ተከድኖ ቶሎ የሚገኝበት ቦታ ይቀመጥ፣ የት እንዳለ ልጆቹም ሰራተኛዋም ይወቁ።

የየቀኑን መድሃኒት በተመለከተ አስፒሪንና የኮሌስትሮል ኪኒን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። በተለይ አቴኖሎል ወይ ሜቶፕሮሎል (የልብ ምትን ቀስ የሚያደርጉ ኪኒኖች) የሚወስዱ ከሆነ ተሻለኝ ብለው፣ ጸበል ገብቻለሁ ብለው በድንገት እንዳያቆሙት እለምናችኋለሁ፣ በድንገት ሲቆም ህመሙ ብሶ ይነሳል፣ የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ጥቃት ድረስ ያደርሳል። ጸበሉንም ኪኒኑንም መያዝ ይቻላል፣ ጾም ሲገባ ደሞ ሰዓቱን ሀኪሙ ያስተካክልላቸው።

ህመሙ ቁጭ ብለው ወይ ተኝተው ሳሉ መምጣት ከጀመረ፣ ወይ ድሮ ሰፈሩን ዞረው ሲመጡ የነበሩት አሁን ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ የሚይዛቸው ከሆነ፣ ቀጠሯችን የሚመጣው ወር ነው አትበሉ፣ በዛው ቀን ውሰዷቸው።